በሩ ላይ ሦስት የተጻፈበት ቤት

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ በኋላ «አስፈሪ ልቦለድ የምታጠና ሴት እንዴት እንዲህ ትርበተበታለች?» እንዳትሉኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። የማጠናው ድሮ መንገድ ዳር በላስቲክ ላይ ተነጥፈው ይሸጡ የነበሩትን፣ ሽፋናቸው ላይ ደም የሚንጠባጠብባቸውን ቀጫጭን መጻሕፍትና ጸሐፊዎቻቸውን ነው። ባልደረቦቼ «ጭራቋ መጣች» ይሉኛል። አማካሪዬ ርእሴን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው «ሰው ጠፍቶ ነው እነዚህን የምታጠኚው?» ብለውኝ ነበር። ሰው አልጠፋም። ግን አገር ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ያነበባቸውን ሰዎች እስከ ዛሬ «ማን ናችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ከሁሉም አንዲት መጽሐፍ ስታስጨንቀኝ ኖራለች። «የተቆጠረው በር» ትባላለች፤ ስልሳ ገጽ አትሞላም። ጸሐፊው «ቀወቴ» ከሚል የብዕር ስም ሌላ ምንም አልጻፈም። ታሪኩ ውስጥ ሲመሽ አንድ ነገር በየደጁ ይዞራል፤ ጀርባው ላይ የሚንቦጫቦጭ ሸክም አለው። «ቤቶች! ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። አቤት ቢሉትም ባይሉትም በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ ይሄዳል። ቁጥሩ ከዚያ ቤት የሚወጣው አስከሬን ብዛት ነው፤ ከሦስት ሌሊት አያልፍም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ «ወላሂ፣ ይህ በቀወት በዓይኔ ያየሁት ነው» ይላል። እኔ በዚያች «ወላሂ» ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። አንባቢን የማሳመኛ ስልት ናት ብዬ፣ በግርጌ ማስታወሻ አስደግፌ ሳቀርበው አጨብጭበውልኛል።

ዓምና ተማሪዎቼ መጽሐፏን ማግኘት ሲያቅታቸው ቁጭ ብዬ በራሴ ድምፅ ተረክኋትና ቴሌግራም ላይ ጫንኋት። ዘንድሮ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ነገረኝ፦ በቀወት ገጠር የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ። መግቢያ ጽፌላት እንደገና ላሳትማት ፈለግሁ። ፈቃዱን ልለምን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተነሣሁ።

ረቡዕ

ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በላዩ ፎጣ ደርቤያለሁ። ለሽማግሌ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ የመንዝ ባና ገዝቻለሁ፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ለብቻው የአንድ ሰው ቦታ የሚይዝ። ስገዛው የሚሄድበት አገር ቆላ መሆኑን አላሰብሁም። የሚኒባሱ ረዳት ባናውን አይቶ «ለማን ነው?» አለኝ።

«ቀወት ላለ ሰው።»

«ምን ቢያደርግሽ ነው እንዲህ የምትቀጪው?»

መኪናው ውስጥ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከልቤ አልነበረም። ዘንድሮ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ሹፌሩን ጠይቄው ነበርና ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ስለው «እስካሁን ሰላም ነው» አለኝ። «እስካሁን» ያላትን አልወደድኋትም።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ከፊታችን የሚሄደው አይሱዙ የኋላ መብራቱ ብቻ ይታያል። ዋሻውን ካለፍን በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ደገምሁ። ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ ሻጮች በመስኮት እጃቸውን ዘረጉ፤ ገዝቼ ፍርሃቴን ከቆሎው ጋር አላምጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ በየጥቂቱ ልብሴን ማውለቅ ሆነ፤ መጀመሪያ ፎጣው፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፣ ሹራቡም። ሸዋ ሮቢት ልንገባ ስንል በቀጭን ቀሚስ ቀርቼ አሁንም ያልበኛል። እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚያ ጥላ ፍለጋ ነው የሚሮጠው።

ከኋላዬ አንዱ ስልኩን ከፈተ። «ቤቶች! ቤቶች!» አለ ስልኩ። የኔ ድምፅ ነው። ሚኒባሱ ጸጥ አለ፤ ረዳቱ እንኳ ጥሪውን አቆመ። ከፊት የተቀመጠች ባለሻሽ ሴት «ዝጋው እባክህ! እኔ እዚያው ነኝ የምወርደው» ብላ ጮኸች። ላልዋሽ፣ ኮራሁ። ማንም አላወቀኝም፤ እኔ ግን ከንፈሬን ነክሼ በደስታ ተቁነጠነጥሁ።

ያደርሁት እትዬ አስካለ በሚባሉ ሴት ሆቴል ነው። ማራገቢያው ይዞራል፤ የሚያመጣው ግን ያንኑ ሙቅ አየር ነው። አጎበሩ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ እትዬ አስካለ መርፌና ክር ይዘው መጥተው አልጋው ላይ ወጥተው ሰፉልኝ። የጾም ሽሮ አቅርበውልኝ ስበላ ትክ ብለው አዩኝ።

«ድምፅሽን የት ነው የማውቀው?»

«እንጃ» አልሁ።

«ገጠር ስትገቢ ያለ አጎበር እንዳትተኚ። ዘንድሮ ወባው አይጣል ነው። ቤት የሚረጩት ልጆች መጥተው ሕዝቡ አናስገባም ብሏቸው ቁጭ ብለዋል አሉ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከረጩ በኋላ በሩ ላይ የሚጽፉትን ነገር ነው የሚፈሩት።»

የጠቀለልሁትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስሁት። ኩራቴም ያን ጊዜ ነው የበረረው።

ሐሙስ

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ በማሽላና በማሾ ማሳ መካከል ገባ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሰጠምን። ሁለተኛው ላይ ወርጄ ስገፋ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አራሾች መጥተው ባጃጁን በእጃቸው አነሡት፤ ጫማዬን ግን መሬት ዋጠችው። ባለባጃጁ መንደሩ አፋፍ ላይ ጥሎኝ ተመለሰ።

አንድ እግሬ ባዶውን እንደሆነ የመጀመሪያው አጥር ጋ ቆምሁና እንደማንኛውም እንግዳ «ቤቶች!» አልሁ።

ግቢው ውስጥ ማሾ ታበጥር የነበረች ሴት ሰፌዷን ጥላ ወደ ቤት ሮጠች። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። ከውስጥ «ያረቢ! እሷ ናት!» አለች።

አልገባኝም። ወደሚቀጥለው ቤት ሄጄ «ቤቶች! ደህና ዋላችሁ?» አልሁ። እዚያም በሩ ተዘጋ። ሦስተኛው ቤት ገና ሳልጠራ ነው የተዘጋው። እቃ ሲጎተት፣ በር ሲደገፍ ይሰማል። እኔ መንገዱ መሀል በአንድ ጫማ ቆሜ፣ ባና ተሸክሜ ቀረሁ። ያኔ ነው ጀርባዬ ላይ ያለው ባና ትዝ ያለኝ። ሸክም ተሸክሜ በየደጁ እየዞርሁ «ቤቶች» እላለሁ፤ ያውም በዚያው ድምፅ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። የፈሩኝን ሰዎች ፈራሁ።

ከወዲያኛው አጥር አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ወጡ። ሽርጥ አገልድመዋል። «ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«ጋሽ እንድሪስን።»

«እኔ ነኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና ነይ ግቢ።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ፤ እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ። የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ ሰጡኝ። ከዚያ ፊቴን አይተው «ክርስቲያን ነሽ አይደል? አብሽሪ፣ ሥጋ የነካው ድስት አይቀርብሽም» ብለው በአዲስ መጥበሻ እንቁላል ጠበሱልኝ። እኛ ቤት ለእስላም እንግዳ እንዲህ እንጠነቀቅ ይሆን ብዬ አሰብሁና አፈርሁ። ባናውን ስሰጣቸው ባልና ሚስት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ለሐምሌ ደጋ ስንሰደድ ይሆነናል» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሻይ ላይ ስለ መጽሐፏ አነሣሁ። የጻፍሁትን ምዕራፍ አውጥቼ ስለ «ወላሂ» ያልሁትን አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስልት ነው አልሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስልት አይደለም። ውሸት ነው።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ያን ሁሉ ዘመን ፓምፕ በጀርባዬ አዝዬ በየቤቱ ስዞር፣ ስረጭ፣ በሩ ላይ ቀኑንና የተረጨውን ክፍል ብዛት በጠመኔ ስጽፍ ነው የኖርሁት። ሕፃናት ሲያዩኝ ይሸሹ ነበር። ከዚያ ነው ነገሩ የመጣልኝ። አታሚው ‹እውነተኛ ታሪክ ካልሆነ አይሸጥም፤ እውነት ነው በል› አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው እንዲያምነኝ ከፈለግሁ ከወላሂ ሌላ ምን አውቃለሁ? ጻፍኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተግፊሩላህ ስል ነው የኖርሁት። ከዘይነብ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

እትዬ ዘይነብ አንገታቸውን ደፉ።

ዘንድሮ የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የመንደሩ ወጣቶች ትረካውን በስልክ አመጡት። ርጭቱ ሲጀመር መጀመሪያ የተረጨው የአንዲት በጣም ያረጁ ባልቴት ቤት ነበር። ባልቴቷ በሦስተኛው ቀን ሞቱ፤ በራቸው ላይ «1» ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር የከፈተ የለም። ወባው ግን ገባ። የጎረቤታቸው ሚስት ታማ የስድስት ወር ፅንሷ ወረደባት። የጋሽ እንድሪስ ልጅ ሀሊማም ከሦስት ቤት በኋላ ነው የምትኖረው፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አማቷ «በሬ ላይ ቁጥር አይጻፍም» ብለዋል፤ ሀሊማም ራሷ ትፈራለች።

«ብነግራቸው፣ ብለምናቸው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እኔ ርጭት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አይገድልም ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቀወቴ የሚባለው ሰውዬ ወላሂ ብሎ ጽፏል፤ አንቱ ከሱ ይበልጣሉ?›»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። «እኔ ነኝ ብለው ለምን አይነግሯቸውም?»

የመለሱልኝ እትዬ ዘይነብ ናቸው። «እዚህ አገር ድንበር የተጋፋ፣ ባልና ሚስት የተጣላ፣ ከብት የጠፋበት፣ ሁሉም የሚመጣው እዚህ ደጅ ነው። ‹እንድሪስ ካለ አለ› ይላሉ። ያለው ይኸው ነው፤ ሌላ ሀብት የለውም። በሐሰት ወላሂ ያለ ሰው ነህ ሲባል ምን ይቀረዋል?»

ትረካውን ያሰራጨሁት እኔ መሆኔን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። «ደጅ ላይ ስትጣሪ አውቄያለሁ። ሁለታችንም ነን ያጠፋነው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል።»

ዓርብ

ጠዋት ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ትረካዬን አጠፋሁ። ትንፋሽ ሳልወስድ ፈለግሁት፤ ሌሎች ሰዎች ወስደው «በቀወት የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ» ብለው በየቦታው ለጥፈውታል። ያ ድምፅ ከእጄ ወጥቷል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ከሶላት በኋላ ወንዶቹ መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተሰበሰቡ። እኔና እትዬ ዘይነብ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብለን ቆምን። ጋሽ እንድሪስ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት። መጽሐፏን የጻፍኋት እኔ ነኝ አሉ። ከሆዴ አውጥቼ ነው አሉ። ወላሂ ብዬ የዋሸሁት ገንዘብ ፈልጌ ነው፤ አፉ በሉኝ አሉ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «ድምፁ የኔ ነው፤ ከመጽሐፍ ነው ያነበብሁት» ስል ከሴቶቹ አንዷ በሻሽዋ አፏን ሸፈነች።

ሰይድ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ተነሣ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ በእርጋታ ነው የተናገረው። «ጋሽ እንድሪስ፣ አንቱን የማላምንበት ቀን ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር። የልጅዎ ቤት እንዲረጭ ብለው ኃጢአት በራስዎ ላይ እየጫኑ እንዳይሆን!»

«ወላሂ ውሸቴን ነው!» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ የትኛውን ወላሂ እንመን?»

ጋሽ እንድሪስ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። በዚያች ሰዓት አርባ ዓመት የጨመሩ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ከእንግዲህ አልምልም። ቤቴን ይርጩት፤ በሬ ላይ ይጻፉ። ሦስት ሌሊት እዚያው ነኝ። ሰኞ ጠዋት ኑና እዩኝ።»

ከሰዓት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰአዳ ረጪዎቹን ይዛ መጣች። አልጋ፣ ድስት፣ የእህል ጆንያ፣ ሁሉ ግቢ ወጣ። መንደሩ ሁሉ ከአጥር ወዲያ ቆሞ ያያል። ሲጨርሱ አንዱ ረጪ ጠመኔ አወጣ። የተረጩት ክፍሎች ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ቤት፣ ማድ ቤቱና የእንግዳ ክፍሉ። ቀኑን ጻፈና ሥሩ «3» ብሎ አሰመረበት።

ከአጥሩ ወዲያ ጉምጉምታ ተነሣ። እትዬ ዘይነብ ቁጥሩን አይተው ባላቸውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን። «እሱ፣ እኔ፣ አንቺ» አሉ በሹክሹክታ።

ቅዳሜ

ሲነጋ ሻንጣዬን አሰርሁ። ልደብቀው አልችልም። ሌሊቱን አጎበር ውስጥ ተቀምጬ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ማርያም ማርያም ስል ነው ያደርሁት። ስለ ፍርሃት መቶ ምናምን መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አንዱም አልረዳኝም። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል፣ አልጋዬ ይጠብቀኛል፣ ደብረ ብርሃን ቢንቢ የለም እያልሁ ራሴን አሳመንሁ።

እትዬ ዘይነብ ሻንጣውን አዩ። ማድ ቤት ገብተው የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። «ለመንገድ» አሉ። ይህ ነው ያሸነፈኝ። ቢቆጡኝ እሄድ ነበር።

ደጅ ስወጣ አጥሩ ጋ አንዲት እርጉዝ ሴት ቆማለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ማን እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅሁ፤ የአባቷ ዓይን ነው ያላት። ሻንጣዬን አየች።

«ትሄጃለሽ?» አለችኝ ሀሊማ።

«አይ» አልሁ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ልብስ ላሰጣ ነው።» እውነትም ልብሴን ሁሉ አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ ንጹሑን ሳይቀር። እሷ እስክትሄድ ድረስ ሳሰጣ ቆየሁ።

እሑድ

ጋሽ እንድሪስ ለሶላት ሲነሡ ወገቤን አሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። እዚያ አገር ማንም ሐኪም ሳይጠራ የሚያውቀው ነገር ነው። ሰአዳ መመርመሪያዋን ሰው እንዳያይ ከዘንቢሏ ውስጥ ከጎመን በታች ደብቃ አምጥታ ጣታቸውን ወጋች። ወባ ነው።

«ከርጭቱ ነው?» አልኋት እንደ ሞኝ።

«ምን ነካሽ! ይሄ ከሳምንት በፊት የተነከሱት ነው» አለችኝ። እኔም ቁጥሩን ማመን እንደጀመርሁ ያን ጊዜ ገባኝ። በሩ ላይ ያለውን «3» ላለማየት በጎን እየዞርሁ ነበር የምገባው።

«ጤና ጣቢያ እንውሰድዎት» ብዬ ለመንሁ። «ባጃጅ እጠራለሁ።»

«ከዚህ በር ተሸክመው ካወጡኝ፣ አንድ ተቆጠረ ይላሉ» አሉ። «ሀሊማ በሯን እስከ ዘላለም አትከፍትም።»

ሰአዳ ክኒኑን ሰጠቻቸው። «ካስመለሰዎት ወይም ከቃዡ ግን ማንንም አልሰማም፣ አምቡላንስ ነው የምጠራው» አለች። እትዬ ዘይነብም «እኔም አልሰማህም» አሉ።

ሰው ግን ይጠብቃቸዋል። ሽማግሌው ካልታዩ ወሬው ይነሣል። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው፤ ያን የተሳቀበትን ባና እስከ አንገታቸው አለበስናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እንዳይሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አወራለሁ። ሰው ያልፋል፤ ይቆማል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ምነው በዚህ ሙቀት?»

«አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ መንጋጋቸውን ይዘው። «ይቺ የደጋ ልጅ ያመጣችልኝን ባና እየሞከርሁት ነው።»

ሰዉ ይስቃል፤ ያልፋል። እኔ ከባናው ሥር እጃቸውን ይዣለሁ፤ ግለቱ እንደ ምጣድ ነው። ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሰውንም ልናገር፤ ሲሞቱ ሁለት እንቀራለን ብዬ ቆጠርሁ። ማታ ትንሽ ገንፎ ቀመሱ፤ ክኒኑ ከሆዳቸው አልወጣም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ እትዬ ዘይነብ ቀሰቀሱኝ። «ላብ በላብ ሆኗል፤ ለቆታል» አሉኝና አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፤ ክርስቲያንና እስላም አንድ ላይ «አልሐምዱሊላህ» አልን።

ፀሐይ ስትወጣ ደጁ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ዘይነብ በረድፍ አሰለፉን። ጋሽ እንድሪስ ቀድመው ወጡ፤ ጉልበታቸው ይርዳል፣ ግን በእግራቸው ነው። ሚስታቸው ቀጠሉ፤ መጨረሻ እኔ። ሰዉ በዓይኑ ሲቆጥረን ይታወቃል። ከሴቶቹ አንዷ እልል ልትል ጀምራ አፍራ ተወችው።

ሀሊማ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ፍራሽ እየጎተተች ስትወጣ አየን። አማቷ ተከትለዋት «አንቺ ልጅ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሷ ፍራሹን ጥላ ድስት ልታመጣ ተመለሰች። ከዚያ ጎረቤቷ አልጋ አወጣ። እስከ ቀትር ድረስ መንገዱ በሰው ዕቃ ተዘጋ። ረጪዎቹ ፓምፓቸውን አዝለው ከቤት ቤት ሮጡ፤ በየበሩ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ። እኔ ሀሊማ በር ላይ «2» ሲጻፍ ቆሜ አየሁ። እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ አልሸሸችም።

ከሰዓት በኋላ ባጃጁን እየጠበቅሁ ከጋሽ እንድሪስ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ስለ መጽሐፏ ፈቃድ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

ሁለት ገበሬዎች እየተጨቃጨቁ መጡ። የአንዱ በሬ የሌላውን ማሾ በልቷል። ጋሽ እንድሪስ ጩኸቱን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ሽርጣቸውን አስተካክለው ለእንግዳ የሚሆን በርጩማ ሳቡ። ሰዎቹ ደጁ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ጤናቸውን ጠየቁ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው አለፉና ወደ ሰይድ ቤት ታጠፉ።

እትዬ ዘይነብ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ። ጋሽ እንድሪስ ሰዎቹ ሰይድ ግቢ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ተከትለው አዩዋቸው። በርጩማውን ወደ ቦታው መለሱ።

«አመኑኝ» አሉ።